«ዳይጆቡ» አልኩ እንጂ «አይ» አላልኩም

ጥያቄ፦ ኦሳካ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የቋንቋ ትምህርት ቤት እየተማርኩ በትርፍ ሰዓቴ አንድ አነስተኛ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። የጃፓንኛ ብቃት ፈተናን ኤን 3 አልፌያለሁ። መጽሐፉ ይገባኛል፣ ሰዎቹ ግን አይገቡኝም። ባለፈው ኃላፊዬ «ፈተና ስላለብሽ ቅዳሜ እረፍት ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ «ዳይጆቡ ዴስ» አልኩት። «እሺ፣ ደስ ይለኛል» ማለቴ ነበር። ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ እያጠናሁ ተደወለና ለምን ቀረሽ ተባልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ኃላፊዬ ለጠየቀ ደንበኛ በስልክ በትልቅ አክብሮት ስመልስ አጠገቤ ያለችው ጃፓናዊት ፊቷ ልውጥ አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ኃላፊዬ ዕቃ ሰጥቶኝ «ናኦሺቶይቴ» ሲለኝ ምኑ እንደተበላሸ ስፈልግ ቆየሁ። ችግሩ የእኔ ቋንቋ ነው ወይስ እነሱ የልባቸውን አይናገሩም?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ኤን 3 ይዘሽ እንዲህ መደናገርሽ የስንፍና ምልክት አይደለም። የብቃት ፈተናው ከኤን 5 እስከ ኤን 1 አምስት ደረጃ አለው፤ በአንዱም ደረጃ የመናገር ፈተና የለበትም። ቃላት፣ ሰዋስው፣ ማንበብና ማዳመጥ ነው፣ እሱም ከተሰጡት መልሶች አንዱን እያጠቆሩ። ኃላፊሽ ፊትሽ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ምን እንደምትይ እስከ ዛሬ ማንም ፈትኖሽ አያውቅም።

ለአማርኛ ተናጋሪዎች ጃፓንኛ ሳስተምርና ሳስተረጉም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር ነው። የእኛ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉት ጃፓንኛ አማርኛ በሚመስልበት ቦታ ላይ ነው። ካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የመጣው ጽሕፈታቸው፣ ከባድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ይጠነቀቃል። ግሡ ግን እንደኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኛ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል እነሱ «ኪኖ ካታ ሆን» ይላሉ፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው። አክብሮት በግሡ ላይ ይታያል። ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብዳል። ይህን ሁሉ ስናይ ቤታችን የገባን ይመስለንና የራሳችንን አንቱታ፣ የራሳችንን ይሉኝታ፣ የራሳችንን እሺታ ይዘን ዘው እንላለን። ካነሳሻቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሦስተኛው የኦሳካ ጉዳይ ነው፣ እደርስበታለሁ።

ከ«ዳይጆቡ» እንጀምር። መዝገበ ቃላት «ደህና፣ ችግር የለም» ይለዋል፣ ልክ ነው። ተደናቅፈሽ ብትወድቂና «ዳይጆቡ?» ቢሉሽ፣ «ዳይጆቡ ዴስ» ማለት «ደህና ነኝ» ነው። «ሰኞ ጠዋት መግባት ትችያለሽ?» ቢሉሽም «እችላለሁ» ይሆናል። ሰውየው አንድ ነገር ሊሰጥሽ ወይም ሊያደርግልሽ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ከረጢት ይፈልጋሉ?» «ዳይጆቡ ዴስ»፦ አያስፈልገኝም። «ምግቡን ላሙቀው?» «ዳይጆቡ ዴስ»፦ ይቅር። «እረፍት ትፈልጊያለሽ?» «ዳይጆቡ ዴስ»፦ ያለ እረፍትም ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ። ኃላፊሽ የሰማው ይህንን ነው። ፈተና እያለብሽ ለሥራው ስትይ እረፍትሽን የተውሽ መስሎት በልቡ አመስግኖሽም ይሆናል። ከዚያ ቅዳሜ ቀረሽበት።

«ኬኮ ዴስ» እና «ኢ ዴስ»ም እንደዚሁ ናቸው። ቃል በቃል ሁለቱም «ጥሩ ነው» ናቸው፤ አንድ ነገር ሲቀርብልሽ ግን «በቃኝ» ይሆናሉ። «ኢ ዴስ ኔ» ካልሽ ደግሞ «ጥሩ ሐሳብ ነው»፣ «ኢ ዴስ ዮ» ካልሽ «እሺ፣ ይቻላል» ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ድምፅ ናት። እኛም ጋ ቢሆን «ሻይ ልጨምር?» ሲባል እጁን ብርጭቆው ላይ ጋርዶ «አመሰግናለሁ» የሚል ሰው በቃኝ ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። እነሱም ሲከለክሉ ብዙ ጊዜ መዳፋቸውን ደረታቸው አካባቢ ቀስ አድርገው ያወዛውዛሉ። እጅ እጃቸውን እዪ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቀረበልሽን ነገር ከፈለግሽው «ዳይጆቡ»ን ከአፍሽ አታውጪ። «ሃይ፣ ኦኔጋይሺማስ» በይ። ይህ ምንጊዜም «አዎ፣ እባክህ» ነው። ካልፈለግሽ «ኢኤ፣ ኬኮ ዴስ» በይ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2020 ጀምሮ በጃፓን የገበያ ፕላስቲክ ከረጢት በገንዘብ ስለሆነ በየሱቁ ትፈልጊ እንደሆነ ይጠይቁሻል፤ መለማመጃ አታጪም።

የስልኩ ጉዳይ ጠለቅ ያለ ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። ያልሽውን መገመት አያቅተኝም። ኃላፊሽን ታናካ እንበለው። ደንበኛው «ታናካ ሳን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። አንቺም ትምህርት ቤት የተማርሽውን የአክብሮት ግሥ አንሥተሽ «ታናካ ሳን ዋ ኢማ ኢራሻይማሴን» አልሽ። ሰዋስው ላይ ስህተት የለበትም። በአማርኛ ሲታሰብም እንከን የለውም፦ «አቶ ታናካ አሁን የሉም»። ባልደረባሽ የሰማችው ግን አንድ ሰው የገዛ ወገኑን በእንግዳ ፊት ከፍ ከፍ ሲያደርግ ነው።

በአማርኛ አንቱታ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። አባትሽን አንቱ የምትይ ከሆነ ለጎረቤትም «አባቴ መጥተዋል»፣ ቀበሌ ሄደሽም «አባቴ መጥተዋል» ነው። የሚሰማሽ ሰው ማንም ይሁን የአባትሽ ክብር አይቀነስም። በጃፓንኛ አክብሮቱ የሚለካው በሚሰማሽ ሰው ነው። «ኡቺ» እና «ሶቶ» የሚሏቸው ሁለት ቃላት አሉ፣ ውስጥና ውጭ ማለት ናቸው። ከደንበኛ ጋር ስትነጋገሪ ሆቴሉ በሙሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ጭምር፣ ያንቺ «ውስጥ» ነው። የራስን ወገን በውጭ ሰው ፊት ዝቅ አድርጎ መጥራት ደንብ ነው። ስለዚህ «ሳን» ይወድቃል፣ ግሡም ይወርዳል፦ «ሞሺዋኬ ጎዛይማሴን። ታናካ ዋ ታዳይማ ሴኪ ኦ ሃዙሺቴ ኦሪማስ።» ይቅርታ፣ ታናካ ለጊዜው ከመቀመጫው ተነሥቷል። ስልኩን ዘግተሽ ዘወር ስትይና ለራሱ ስትነግሪው ደግሞ እንደገና «ታናካ ሳን» ነው። ያው ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ይወጣል።

ይህ ለሐበሻ ይጎረብጣል። አለቃን በባዶ ስሙ ለመጥራት የብዙ ተማሪዎቼ ምላስ እምቢ ይላል፤ እረዳቸዋለሁ። እኔ የምላቸው ይህንን ነው፦ አክብሮቱ አልጠፋም፣ ወደ ደወለው ሰው ዞረ። አለቃሽም ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋልም። እሱን በደንበኛ ፊት ካከበርሽው የሚያፍረው እሱ ነው። በቤተሰብም እንደዚያው ነው። ስለ አባትሽ ለሌላ ሰው ስታወሪ «ቺቺ» ትያለሽ። የሌላ ሰው አባት ከሆነ ግን «ኦቶሳን» ነው። ስለ እናትሽ «ሃሃ»፣ ስለ ሌላው እናት «ኦካሳን»።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ «አናታ» ናት። መዝገበ ቃላት «አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ» ይላታል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የ«እርስዎ»ን አቻ ነው። «አናታ»ን ያገኝና ለሥራ አስኪያጁ ይጠቀምባታል፤ ሰውየው ቅር ይለዋል። በጃፓንኛ ትልቅ ሰው በተውላጠ ስም አይጠራም። ስሙ ከነ«ሳን»፣ ወይም ማዕረጉ ይጠራል፤ አለበለዚያ ምንም አይጠራም። ለሆቴል እንግዳ «ኦኪያኩ ሳማ» ነው፣ አለቀ።

«ታዲያ ስለ ማን እንደሚወራ በምን ይታወቃል?» ትይኝ ይሆናል። ጥያቄሽ ልክ ነው። አማርኛ ተውላጠ ስም ቢጥልም ግሡ ባለቤቱን ይናገራል፤ «እሄዳለሁ» እና «ትሄጃለሽ» አይምታቱም። የጃፓንኛው «ኢኪማስ» ግን ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእሱም ያው ነው። እዚህ ላይ ኬይጎ፣ ማለትም የአክብሮት ንግግሩ፣ ሥራ ይሠራል። «ኢራሻይማስ» ከተባለ የሚሄደው በፍጹም እኔ ልሆን አልችልም፣ የሚከበር ሰው ነው። «ማይሪማስ» ከተባለ እኔ ወይም የእኔ ወገን ነው። ኬይጎን እንደ ጌጥ ከማየት የባለቤት ምልክት አድርገሽ ብትሰሚው ግማሹ ጭጋግ ይገፈፍልሻል። ተማሪዎቼ ይህ ሲገባቸው ነው ስልክ ማንሣት የማይፈሩት። የሀገሪቱ የባህል ጉዳዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ኬይጎን በአምስት ከፍሎታል። ጃፓናውያን ወጣቶች ራሳቸው ሥራ ሲጀምሩ በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ይወስዱበታል። አንቺ በሁለተኛ ዓመትሽ ብትደናቀፊ አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። የልባቸውን አይናገሩም? ይናገራሉ። መስማት የሚችል ጆሮ እንዳለ ቆጥረው ይናገራሉ። ሰው ስትጋብዢ «ዶዮቢ ዋ ቾቶ...» ብሎ ቢተወው፣ ቃል በቃል «ቅዳሜ ትንሽ...» ነው። ቀጥሎ ምን ሊል ነው ብለሽ አትጠብቂ፤ ዓረፍተ ነገሩ አልቋል። አይመቸኝም ብሏል። «ሙዙካሺ ዴስ ኔ» ወይም «ከባድ ነው» ካለሽ፣ እንዴት እንደሚቀል አብረሽው ለማሰብ አትቀመጪ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። «ኬንቶ ሺማስ»፣ «እናስብበታለን»፣ የእኛ «እስቲ እናያለን» ናት። ቀን ከቆረጡልሽ በእርግጥ ሊያስቡበት ነው። ቀን ካልጠቀሱ ሌላ አማራጭ መፈለግ ጀምሪ። ግድግዳ ላይ «ጎኤንርዮ ኩዳሳይ» የሚል ጽሑፍ ካየሽ ቃሉ «እባክዎ ይቆጠቡ» ቢመስልም ክልክል ነው።

ይሉኝታ ያለው ሕዝብ ልጅ ስለሆንሽ ይህ ሊቀልሽ ይገባ ነበር። ችግሩ የእኛ ይሉኝታ ዙር አለው። እንግዳ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳ እንደገና ያንገራግራል፣ በሦስተኛው ይበላል። የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት እንጂ መልስ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ይህ ዙር ያጥራል፤ ከነጭራሹ የማይኖርበትም ጊዜ ብዙ ነው። አንቺ በጨዋነት «ኬኮ ዴስ» ካልሽ ሳህኑ ይነሣል፣ ሆድሽ ባዶ ይቀራል። በተቃራኒው ቤትሽ የመጣች ጃፓናዊት «በቃኝ» ካለች በኋላ ጉርሻ ይዘሽ ብትለምኛት ትጨነቃለች። ካትሱሺካ ውስጥ፣ ሐበሾች ሰብሰብ ብለው በሚኖሩበት የቶኪዮ ወረዳ፣ ጃፓናዊ ጎረቤት ሲጋበዝ ይህ ሲደጋገም አይቻለሁ። ሁለቱም ወገን ጨዋ ነው። ሁለቱም ወገን ግራ ይጋባል።

«ሃይ»ንም ተጠንቀቂያት። በስልክ ሰው ሲያወራሽ በየመሃሉ «ሃይ፣ ሃይ» ማለት «እየሰማሁ ነው» ነው። እኛ «እህ... እ» እያልን እንደምንከተለው ማለት ነው። ደንበኛ ስትናገሪ «ሃይ» ስላለሽ በዋጋው ተስማማ ብለሽ አትመዝግቢ። አሉታዊ ጥያቄም አለ፦ «አትሄጂም?» ሲሉሽና ካልሄድሽ ጃፓንኛው «ሃይ፣ ኢኪማሴን» ነው፣ «አዎ፣ አልሄድም»። በአማርኛ አንዳንዱ «አዎ፣ አልሄድም» ይላል፣ አንዳንዱ «አይ፣ አልሄድም»። ስለዚህ «ሃይ» ብቻ ብለሽ አትተይው፣ ግሡን ጨምሪበት።

ስለ ድምፅ ደግሞ የምሥራች አለኝ። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። «ኪቴ» ላልቶ «ና» ነው፣ ጠብቆ «ቴምብር» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለዚህ ብዙ ይደክማል። አንቺ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» እንዳይምታቱ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትለይ ኖረሻል። የእኛ ጆሮ የማይዘው የአናባቢ ርዝመትን ነው፣ አማርኛ ውስጥ ትርጉም ስለማይለውጥ። ጃፓንኛ ውስጥ «ኦባሳን» አክስት፣ «ኦባአሳን» አያት ናት። «ሹጂን» ባል፣ «ሹኡጂን» እስረኛ ነው። «ኢኤ» ቤት ነው፣ መጀመሪያው ሲጎተት «አይ» ይሆናል። የምትኖሪባት ከተማ ራሷ ኦኦሳካ ናት፣ አራት ምት። ቶኪዮም በእነሱ አፍ አራት ምት ነው፦ ቶ-ኦ-ኪዮ-ኦ።

ለሥራሽ ከሁሉም የሚያሰጋኝ የቀን ጉዳይ ነው። «ዮካ»፣ ካው ጠብቆ፣ ወር በገባ በ4 ነው። «ዮኦካ»፣ ዮው ተጎትቶ፣ በ8 ነው። እንግዳ በስልክ ክፍል ሲይዝ ይህን አንዴ ካሳሳትሽ አራት ቀን ተንሸራተተ። በ7 እና በ1 ሰዓትም «ሺቺ» እና «ኢቺ» በስልክ ይመሳሰላሉ፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ራሳቸው 7ን «ናና» የሚሉት። አንቺም «ናና» በይ። በእጅሽ ምቱን እየመታሽ ተለማመጂ። የድምፅ ከፍታና ዝቅታውን ግን ለጊዜው ተይው። ቶኪዮ ላይ «ሃሺ» ከላይ ጀምሮ ሲወርድ መብያ እንጨት፣ ከታች ሲወጣ ድልድይ ነው፤ ኦሳካ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ራሳቸው በወሬው አውድ ይግባባሉ።

ኦሳካ ካልን «ናኦሺቶይቴ» ላይ ደረስን። መጽሐፍሽ «ናኦሱ» ማለት መጠገን ነው ይላል። በኦሳካና በዙሪያዋ፣ እንዲሁም በደቡብ በኪዩሹ፣ «ወደ ቦታው መልሺው» ማለት ነው። ኃላፊሽ ዕቃው ተበላሽቷል አላለም፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪልኝ ነው ያለው። ከቶኪዮ የሚመጡ ጃፓናውያንም በዚህች ቃል ይሳሳታሉ፣ ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም። ሌላም ልጨምርልሽ፦ «ጂቡን» በመጽሐፍ «ራስ» ነው፤ ኦሳካ ላይ አንድ ወዳጅ «ጂቡን ምን ትበያለሽ?» ቢልሽ አንቺን ነው የሚጠይቅሽ። «አካን» ከሰማሽ ደግሞ አይሆንም፣ ተይ ማለት ነው።

በካታካና፣ የውጭ ቃላት በሚጻፉበት ፊደል፣ የተጻፉ ቃላትም ያታልላሉ። የምታውቂው እንግሊዝኛ ይመስልሻል። ሆቴል ውስጥ «ፉሮንቶ» አንቺ የምትቀመጪበት መቀበያ ነው። «ባይኪንጉ» ቡፌ ነው፤ ስሙን ያገኘው ቶኪዮ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1958 ከከፈተው የቡፌ ምግብ ቤት ነው። «ኮንሴንቶ» የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው። «ሳቢሱ ዴስ» ካሉሽ «በነፃ ነው» ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰርቪስ ስንል የሠራተኛ አውቶቡስ ወይም ጓሮ ያለችውን ክፍል እንደምናስብ ሁሉ፣ ቃሉ እዚያም ሄዶ የራሱን ኑሮ ይዟል።

ገንዘብ ላይ አንድ ብልሃት አለችኝ። እነሱ በሺህ አይቆጥሩም፣ በ«ማን» ነው፣ 10,000። ተማሪ ሁሉ መቶ ሺህ ላይ ይደናበራል። አያቶቻችን ግን ለዚህ ቁጥር ቃል አላቸው፦ እልፍ። የግእዙ ፼ ማለት ነው። «ሃቺማን ጎሴን» ሲሉሽ ስምንት እልፍ ከአምስት ሺህ ብለሽ ስሚው፣ 85,000 የን። «ጁማን» አሥር እልፍ፣ 100,000። በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሪ።

ሥራሽን ባይነካም ሳልነግርሽ የማላልፈው የጤና ነገር አለ፤ ሳስተረጉም ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የመድኃኒት ከረጢት ላይ ሦስት ቃላት ታገኛለሽ። «ሾኩዜን» ከምግብ በፊት ነው፣ «ሾኩጎ» ከምግብ በኋላ። ሦስተኛው «ሾካን» ነው፤ ካንጂዎቹ «ምግብ» እና «መካከል» ናቸው። ብዙ ሰው ምግብ እየበላ መሃል ላይ ይውጠዋል። ትክክሉ በሁለት ምግቦች መካከል፣ ከበሉ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ነው። «ዛያኩ» ደግሞ ካንጂው «መቀመጥ» እና «መድኃኒት» ስለሆነ ተቀምጠው የሚውጡት ይመስላል። የሚዋጥ አይደለም፤ በፊንጢጣ የሚገባ ነው።

ሐኪሙ «እንዴት ነው የሚያምሽ?» ሲልሽ የሚጠብቀው ድርብ ድምፅ ነው። አማርኛ ሕመምን በግሥ ስለሚለይ ለእኛ ማዛመዱ ይቀላል። ጥርስሽ ይጠዘጥዘኛል የምትይ ከሆነ «ዙኪዙኪ»። ራሴን ይፈልጠኛል ከሆነ «ጋንጋን»። ሆዴን ይቆርጠኛል ከሆነ «ኪሪኪሪ»። እንደ መርፌ ጫፍ ወጋ ወጋ ሲያደርግ «ቺኩቺኩ»። ቆዳሽን ሲለበልብሽ «ሂሪሂሪ»። እነዚህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ። ሆስፒታል ስትጠይቂም «ቢዮኢን» በይ፤ «ቢ-ዮ-ኦ-ኢን» ብለሽ ከፋፍለሽ ካልሽው የቁንጅና ሳሎን ያሳዩሻል።

ምን ታደርጊ? አዲስ የቃላት መጽሐፍ አትግዢ። ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች «ፉኩሾ» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ የሰሙትን መልሶ መናገር ነው። ትዕዛዝ ሲወስዱ አይተሻቸዋል። አንቺም ለሁሉም ነገር አድርጊው። ኃላፊሽ ስለ ቅዳሜ ሲያወራሽ መጨረሻ ላይ «ዶዮቢ ዋ ያሱሚ፣ ቶ ዩ ኮቶ ዴስ ኔ?» በይ፣ «ቅዳሜ እረፍት ነው ማለት ነው አይደል?»። ቀን ሲሆን ከሳምንቱ ስም ጋር፦ «ዮካ፣ የኪንዮቢው፣ አርብ»። እንዲህ ካልሽ ርዝመቱ ቢያመልጥሽ እንኳ ዕለቱ ያድንሻል። ሳይገባሽ «ዋካሪማሺታ»፣ «ገብቶኛል»፣ የማለት ልማድ ካለሽ ዛሬውኑ ተይው። በእኛ «እሺ» ነገሩን ለማለሳለስ ይባላል፤ በእነሱ ሥራ ቦታ «ዋካሪማሺታ» ቃል መግባት ነው። ለእንግዳ ሲሆን ደግሞ «ካሺኮማሪማሺታ» ነው የሚባለው።

ፍጥነቱ ሲያልፍሽ «ያሳሺ ኒሆንጎ ዴ ኦኔጋይሺማስ» በይ፣ በቀላል ጃፓንኛ ይንገሩኝ ማለት ነው። ይህ ልመና አይደለም፣ የታወቀ ነገር ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 የኮቤ ርዕደ መሬት ከ6,400 በላይ ሰው ሲገድል ብዙ የውጭ ዜጎች ማስጠንቀቂያውን ሰምተው አልገባቸውም ነበር። «ሂናን» የሚለው ቃል፣ ከአደጋ መሸሽ፣ ለእነሱ ባዶ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ በሂሮሳኪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች «ሂናን ሺቴ ኩዳሳይ» ከማለት «ኒጌቴ ኩዳሳይ»፣ «ሽሹ»፣ ይባል ብለው ቀላሉን ጃፓንኛ አደራጁት። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አውጥቶለታል። ኮቤ ካንቺ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት፤ ኦሳካ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ያውቁታል።

ለኃላፊሽ ያልተነገረ ነገር እንዳይቀር ይህንን በይው፦ «ኮኖ ማኤ ዋ ‹ዳይጆቡ ዴስ› ቶ ኢቴ፣ ያሱሚ ኦ ሞራኤሩ ቶ ኦሞቴ ኢማሺታ። ሞሺዋኬ አሪማሴን ዴሺታ።» ባለፈው «ዳይጆቡ» ስል እረፍት የማገኝ መስሎኝ ነበር፣ ይቅርታ። አንዴ በዚህ መልክ ከሰማው ይረዳሻል፣ ሁለተኛም እረፍት ሲሰጥሽ ራሱ ያረጋግጣል። ፊቷ የተለዋወጠውን ባልደረባሽንም አትሽሺያት። ጃፓናውያን ሳይጠየቁ የሰው ንግግር አያርሙም፣ ያሳፍሩት ይመስላቸዋል። ካልጠየቅሻት ዓመት ሙሉ ዝም ትልሻለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጠጋ በያትና «ኬይጎ ጋ ማቺጋቴ ኢታራ፣ ኦሺኤቴ ኩዳሳይ» በያት፣ ኬይጎዬ ከተሳሳተ ንገሪኝ። መጀመሪያ የስልኩን ዓረፍተ ነገር ጠይቂያት፣ «ታናካ» በባዶው።